መንገዱ የማን ነው? ከሉማሜ ጭቃ እስከ ኮሪደር ልማት

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ መንገደኛ ሉማሜን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። የአዋበል ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ አስፋልቱን ተከትላ ተዘርግታለች፤ መንገደኛውም «ከተማዋ መንገድ አላት» ብሎ ያልፋል። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ጥቂት እርምጃ የገባ ሰው ግን የሚያየው ሌላ ነው። የምሥራቅ ጎጃምን ጤፍ የሚያሳምረው ጥቁር ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ ጫማ ይይዛል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ ገረጋንቲ ሳይለብስና የውሃ መውረጃ ሳይበጅለት የተጠረገ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ዕድሜው አንድ ክረምት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ጭቃ የሰለቸው የትንሽ ከተማ ነዋሪ «መንገድ ይሠራልሃል» ሲባል ከደስታው ጋር ስጋት የሚሰማው ስለ ምንድን ነው? ሹማምንት ብዙ ጊዜ «የግንዛቤ እጥረት ነው» ይላሉ። የኋላ ታሪካችን የሚሰጠው መልስ ግን ከዚህ የተለየ ነው።

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 የከተማ አገልግሎትን በሕግ አቆመ። ሥርዐቱ ግን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነበር፤ ተጠሪነቱ ለሾመው እንጂ ለሚከፍለው አልነበረም። የዚህ ዓይነቱ አገዛዝ ዋጋ በጎጃም ምድር ታይቷል። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ገበሬው ያመፀው ግብሩን ብቻ ጠልቶ አይደለም። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ባስተዳደሩባቸው ዓመታት የጦር መሣሪያ ምዝገባውና በየምክንያቱ የሚጣለው መዋጮ ሕዝቡን አስመርሮት ስለ ነበር፣ አዲሱን ግብር የርስቱ መነጠቂያ አድርጎ አየው። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ቢያዘምትም በመጨረሻ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ያልተመከረበት መዋጮ፣ ስሙ ልማት ቢሆንም እንኳ፣ በከፋዩ ዘንድ ዝርፊያ ይመስላል።

ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ወረሰ፤ የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎችን አቋቋመ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከአንድ መቶ ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከኪራዩ ለሰፈሩ ኑሮ መሻሻል እንዲውል፣ ቀበሌውም ከመንግሥት ጋር ተባብሮ መንገድን የመሰለ አገልግሎት እንዲያደራጅ ተደነገገ። ሐሳቡ የሚናቅ አልነበረም፤ የሰፈር ገንዘብ ለሰፈር መንገድ! ነገር ግን ኪራዩ በጣም አነስተኛ ስለ ነበር ለቤቶቹ እድሳት እንኳ አልበቃም። ከዚህም በላይ ቀበሌው ወዲያው የቁጥጥርና የአፈሳ እጅ ሆነ። ነዋሪው ስለ ቦዩ ሊያመለክት የሚሄድበት ደጅ፣ ልጁ የታሰረበት ደጅ ሆነ። በእንዲህ ያለ ደጅ ማን ደፍሮ ይናገራል?

በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር የተጀመረው የኮብልስቶን ንጣፍ ከሁሉ የተሻለ ዕድል ይዞ መጣ። ድንጋዩ የአገር ነው፣ ጠራቢውና አንጣፊው የሰፈር ወጣት ነው፤ በብዙ ከተሞችም ነዋሪው ከወጪው ድርሻውን ከፍሏል። እዚህ ላይ ግን ትንሽ የምትመስል ትልቅ ጥያቄ አለች። የመንገዱ ወለል በንጣፍ ከፍ ብሎ ቦዩ ከተረሳ፣ ውሃው ወዴት ይሄዳል? ዝቅ ብሎ ወደ ተሠራው ቤት ነዋ! ይህን አስቀድማ የምታውቀው በዚያ ቤት ሠላሳ ክረምት ያሳለፈች እናት ናት። እሷን ሳይጠይቁ የተሠራ መንገድ፣ ገንዘቧን ተቀብሎ ጎርፍ ይልክላታል።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከፒያሳ የተነሣው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ተሻገረ። ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት የሚጠላ የለም። ሆኖም በርካታ ተነሺዎች ዕቃቸውን እንዲያወጡ የተሰጣቸው ጊዜ ጥቂት ቀናት ብቻ እንደ ነበር በአደባባይ አቤት ብለዋል። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መጠየቅ ማለት አዳራሽ ሰብስቦ ያለቀለትን ንድፍ ማሳየት አይደለም፤ ንድፉ ሳይቋጭ ማድመጥ ነው።

እንደ ሉማሜ ያሉ ከተሞች ገና ብዙ ያልተሠራ መንገድ ስላላቸው ከሌላው ስሕተት የመማር ዕድል አላቸው። ነዋሪው የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ አጥሬ ምን ያህል ይገባል? መዋጮዬ የት ዋለ? ቦዩንስ ማን ይጠርጋል? ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ የሰጠ ማዘጋጃ ቤት ከድንጋዩ በፊት መተማመንን አንጥፏል። አበው «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። ከስድሳ ዓመት ወዲህ ግን መከራ ሲመክረው የኖረው ሕዝቡን ሳይሆን ያልመከረውን ሹም ጭምር ነው።

ቸር ይግጠመን።