የሲያትል ጎዳናዎችና አብያተ ክርስቲያናት የድሮ ፎቶግራፎች

የሲያትል ከተማ የድሮ ፎቶግራፎች (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ.) ዛሬ የሌሉ ሕንፃዎችንና ኮረብታዎችን መዝግበው ያቆዩ የታሪክ ማስረጃዎች ናቸው። ጁን 6 ቀን 1889 የተነሳው ቃጠሎ በእንጨት የተሠራውን የንግድ ማዕከል አወደመ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት መንገዶች መልክ የሚታወቀው በአብዛኛው በፎቶግራፍ ነው።

ከሁሉ የሚደንቁት የዴኒ ኮረብታ ፎቶግራፎች ናቸው። ከተማዋ ኮረብታውን በኃይለኛ የውሃ ግፊት እያጠበች ስትደለድል ፎቶግራፍ አንሺው አሳሄል ከርቲስ (1874–1941) ሥራውን በካሜራው ተከታትሏል። በዘመኑ ፎቶግራፎች ዙሪያው ተቆርጦ እንደ ማማ በቀረ አፈር ጫፍ ላይ የተንጠለጠሉ ቤቶች ይታያሉ። የኮረብታው የመጨረሻ ክፍል የተወገደው በ1930 ገደማ ነው።

ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጎልቶ የሚጠቀሰው በ1907 የተመረቀው የቅዱስ ያዕቆብ ካቴድራል ነው። ጉልላቱ በ1916 በከባድ በረዶ ተደርምሶ ዳግመኛ አልተሠራም፤ የቀድሞ ግርማውን የሚያሳየው ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በመንግሥት የሥራ ፕሮግራም የተቀጠሩ ሰዎች ሲያትል በምትገኝበት በኪንግ ካውንቲ ግብር የሚከፈልባቸውን ሕንፃዎች አንድ በአንድ ፎቶ አንስተዋል። ተራ ጎጆ እንኳ ስላልቀረ ለሰፈር ታሪክ ከዚህ የሚሻል ምንጭ ማግኘት ያስቸግራል። በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሰፈሩበትን የሴንትራል ዲስትሪክት ሰፈር ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አል ስሚዝ ለአሥርተ ዓመታት ዘግቦታል፤ ሥራዎቹ በከተማዋ የታሪክና ኢንዱስትሪ ሙዚየም ይገኛሉ።