ከጎዳና የተገኘ ዕውቀት፦ የአቻ ድጋፍ፣ መኖሪያ ቤትና የአእምሮ ሕመም

በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የሚኖሩ 217 ሰዎችን የመረመረና በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ 41 ከመቶዎቹ ሳይኮሲስ እንዳለባቸው፣ 60 ከመቶዎቹ ደግሞ ለጉዳት በሚዳርግ መጠን አልኮል እንደሚጠጡ ወይም የአልኮል ጥገኛ እንደሆኑ አሳይቷል። ሳይኮሲስ ካለባቸው መካከል ለሕመማቸው ሕክምና አግኝተው የሚያውቁት 10 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ይህን ክፍተት በሐኪምና በአልጋ እጥረት ማስረዳት የተለመደ ነው። እጥረቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የሚገኘው እዚያው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ አገልግሎቱና ሕመምተኛው በአንድ ከተማ እየኖሩ የማይገናኙበት ሌላም ምክንያት መኖር አለበት። ሕመሙንም ጎዳናውንም በራሱ ሕይወት ያለፈበት ሰው፣ ማለትም የአቻ ድጋፍ ሠራተኛ፣ ስለዚህ ምክንያት ሌላ ባለሙያ በቀላሉ የማያገኘው ዕውቀት አለው። የዚህ መጣጥፍ አቋም ግን ከዚህ አንድ እርምጃ ያልፋል፦ ይህ ዕውቀት ፍሬ የሚያፈራው ሠራተኛው ለሰውየው የሚያቀርበው ተጨባጭ ነገር፣ ከሁሉም በላይ ቤት፣ በእጁ ሲኖር ነው።

ዕውቀቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማየት አንድ መድኃኒት እንውሰድ። ክሎርፕሮማዚን በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲታዘዝ የኖረ ሲሆን ከባድ እንቅልፍ ያመጣል። ቤት ያለው ሰው ማታ ውጦ ይተኛበታል። በረንዳ ለሚያድር ሰው ግን እንቅልፍ የከበደበት ሌሊት ብርድ ልብሱን የሚያጣበት፣ ሴት ከሆነች ደግሞ የምትደፈርበት ሌሊት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኪኒኑ ሳይዋጥ ኪስ ውስጥ ይቀራል። ካርዱ ላይ «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም» ተብሎ ይጻፋል፤ ምክንያቱም ሕመሙን አለመቀበሉ ነው ተብሎ ይታለፋል። በረንዳ አድሮ የሚያውቅ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ «ወንድሜ፣ ማታ የት ነው የምትተኛው? አጠገብህ ማን አለ?» መልሱን ይዞ ወደ ነርሷ ሲመለስ የሚነጋገሩበት ነገር ይኖራል፤ መጠኑ ይቀነስ፣ ሌላ መድኃኒት ይሞከር፣ ወይም በወር አንዴ የሚሰጠው የፍሉፌናዚን መርፌ ይሻለው እንደሆነ ይታይ። ተመሳሳይ ምክር ሐኪሙም ሊሰጥ ይችል ነበር። ያልሰጠው ስለማያውቅ ሳይሆን ሌሊቱ በምርመራ ክፍሉ ጥያቄዎች ውስጥ ስለሌለ ነው።

የምግቡም ነገር እንዲሁ ነው። በቡታጅራ አካባቢ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች መድኃኒት ለምን እንደሚያቋርጡ የፈተሸውና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ በቂ ምግብ ማጣትን ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች መካከል አግኝቶታል። ከእነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ የምግብ ፍላጎት ይጨምራሉ፤ የሚበላ ከሌለ ረሃቡ ከሕመሙ ይብሳል። ቤተሰብና ማሳ ባለበት ገጠር ይህ ከሆነ፣ በቡሌ፣ ማለትም በሆቴል ትርፍራፊ፣ ለሚውለው የከተማ ሰው ምን ያህል እንደሚከፋ መገመት አያዳግትም። ቡሌ ከየትኛው ሆቴል በስንት ሰዓት እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው፣ ኪኒኑ መቼ ቢወሰድ እንደሚሻል ሲመክር ምክሩ ይሰማል።

ያገገመ ሰው ለታመመው ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ ራሱ ጥንታዊ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በፓሪሱ ቢሴትር ሆስፒታል ዣን ባቲስት ፑሳን ካገገሙ ሕሙማን መካከል ሠራተኞች ይቀጥር ነበር። ደመወዝ ያለው ሙያ ሆኖ በስፋት ሥር የያዘው ግን በአሜሪካ፣ የጆርጂያ ግዛት በ1999 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱ ከሜዲኬይድ፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ከተዘጋጀው የመንግሥት የጤና መድን፣ እንዲከፈልበት ካደረገች ወዲህ ነው። ከእኛ ሳይርቅም በካምፓላው ቡታቢካ ሆስፒታል አቻ ሠራተኞች ተሠማርተዋል።

ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ ነው? በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የሕክምና ሙከራዎችን አጠናቅሮ የሚመዝነው የኮክሬን ተቋም ግምገማ 2,796 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 11 ሙከራዎች አይቶ፣ አቻ ሠራተኞች የሰጡት አገልግሎት ውጤት ሌሎች ባለሙያዎች ከሰጡት በአብዛኛው እንደማይለይ ደምድሟል። በእንግሊዝ አገር 441 ሰዎችን ያሳተፈውና በ2018 እ.ኤ.አ. በላንሴት የሕክምና መጽሔት የታተመው ሙከራ ደግሞ የአቻ ድጋፍ ካገኙት 29 ከመቶ፣ ካላገኙት 38 ከመቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ አስቸኳይ ሕክምና መመለሳቸውን አሳይቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በዚህ ሙከራ የተሳተፉት በቀውስ ጊዜ ሕክምና ቡድኖች ሲረዱ የቆዩ ሰዎች እንጂ በጎዳና ነዋሪነታቸው የተመረጡ አልነበሩም። ውጤቱን አንሥቶ በቀጥታ ወደ ፒያሳ በረንዳዎች ማምጣት አይቻልም።

ለጎዳናው ሕይወት ይበልጥ ቅርብ የሆነው ማስረጃ የሚገኘው ከመኖሪያ ቤት ጋር ተያይዞ ነው። ሳም ሰምበሪስ በ1992 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የመሠረተው ፓዝዌይስ ቱ ሃውሲንግ የተባለው ድርጅት የነበረውን ቅደም ተከተል ገለበጠው፦ ሰውየው መጀመሪያ ይታከም፣ መጠጥ ይተው፣ ከዚያ ቤት ይገባል መባሉ ቀርቶ፣ መጀመሪያ ቤት ይሰጠዋል፣ ሕክምናው በራሱ ምርጫ ይከተላል። ካናዳ ይህንኑ በአምስት ከተሞች ከ2,000 በላይ ሰዎችን ባሳተፈ ሙከራ ፈተሸችው። በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ሙሉ ጊዜውን በቤት የቆዩት ቤት ከተሰጣቸው 62 ከመቶ፣ በተለመደው አገልግሎት ከተረዱት ደግሞ 31 ከመቶ ነበሩ። በዚህ አሠራር ከበድ ያለ ችግር ያለባቸውን በሚከታተሉት ቡድኖች ውስጥ አቻ ሠራተኛው ከሐኪሙና ከነርሷ ጋር በእኩልነት ይቀመጣል። የእሱ ድርሻ ለብቻው ስላልተለካ 62ቱን ከመቶ ለእርሱ ማድረግ አይገባም። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጎዳና ላይ ያለውን ሰው ሲያነጋግር እጁ ባዶ አለመሆኑ ነው፤ «ና ቤት እንይ» ማለት ይችላል።

በአዲስ አበባ ግን አቻ ሠራተኛው ይህን ማለት አይችልም። የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት አድራሻ ይጠየቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነት በቤተሰብ ነው፤ ሰውየው ቤተሰብ የለውም። ሆስፒታል ቢደርስ ደግሞ አስታማሚ ይጠየቃል፤ መድኃኒት የሚገዛ፣ ምግብ የሚያመላልስ፣ ሲወጣ የሚረከብ። አሠራሩ በሙሉ የተዘረጋው ዘመድ አለ ብሎ በመገመት ነው። አቻ ሠራተኛ እዚህ መካከል ሲገባ በማግስቱ አስታማሚ፣ ዋስና ተረካቢ ይሆናል። ከልቡ ያደርገዋል፤ ለዚህ ምስጋና እንጂ ነቀፌታ አይገባውም። ተቋሙ ግን የቤትና የመጠለያ ጥያቄው የተመለሰ ይመስለዋል። የአቻ ድጋፍ በድሃ አገር ተመራጭ የሚሆነው «ርካሽ ስለሆነ» ነው የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አደገኛ ነው፤ የሚቆጥበው ወጪ ከሠራተኛው ጉልበትና ጤና የሚወጣ ነውና። ስለዚህ የአቻ ድጋፍ ፕሮግራም ሲነደፍ ቢያንስ ለጥቂት ክፍሎች የሚሆን የኪራይ በጀትና ሰውየውን ያለ ዘመድ የሚቀበል የጤና ተቋም ስምምነት ከቅጥሩ በፊት መገኘት አለባቸው።

ቅጥር ማለቴ በምክንያት ነው። «ሠራተኛው ራሱ ዳግም ቢታመምስ?» የሚለው ጥያቄ በየውይይቱ ይነሣል። መልሱ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥ ተጽፏል፦ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሕመም ምክንያት ከሥራ ሲቀር የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ ከዚያም ሦስት ወር ያለ ክፍያ ፈቃድ ያገኛል። ይህ መብት ለጉበት ሕመምም ለስኪዞፍሬኒያም እኩል ይሠራል። በትራንስፖርት አበል ብቻ በፈቃደኝነት የሚሠራ ሰው ግን የለውም፤ በታመመ ዕለት አበሉም ይቆማል፣ ሲከታተላቸው የነበሩትም ሰዎች የሚያውቃቸው ያጣሉ። በእያንዳንዱ ክፍለ ከተማ ሁለት አቻ ሠራተኞች ተጣምረው ቢመደቡ፣ ሰዎቹንም ሁለቱም ቢያውቋቸው፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይቀጥላል፤ ያረፈውም ሲሻለው ቦታው ይጠብቀዋል።