ስቡን ፈርቶ ስኳሩን የሚጠጣ ልጅ

ሰሞኑን በምኖርበት በዘነበወርቅ አካባቢ አንድ የጎረቤቴ ልጅ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ እናቱ ምሳ ዕቃው ውስጥ ያደረገችለትን አቮካዶ ሳይነካው ይዞት ተመለሰ። ለምን እንዳልበላው ስትጠይቀው «ቅባት ልብ ያሳምማል ተብለናል» አላት። በእጁ ግን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ የገዛውን ለስላሳ ይዟል፤ ግማሹን መንገድ ላይ ጨርሶታል። «ይኸኛውስ?» ብዬ ብጠይቀው «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ቅባት የለውም» ሲል መለሰልኝ። እናቱ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ነገሩ የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም። «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይባላል። እዚህ ላይ ጥሬውን ያቀበልነው ግን እኛ አዋቂዎቹ ነን።

ልጁ የተማረውን በትክክል ይዟል፤ ጉድለቱ የተማረው ነገር ግማሽ መሆኑ ላይ ነው። ስለ ምግብ የሚሰጥ ግማሽ ትምህርት ደግሞ ካለመማር የከፋ ውጤት ሊያስከትል እንደሚችል ይኸው ምሳ ዕቃ ምስክር ነው።

ስብ ሁሉ አንድ አይደለም

በማደግ ላይ ያለ ልጅ ስብ ያስፈልገዋል። አንጎሉ የሚገነባው፣ ቪታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬን ሰውነቱ የሚቀበለው በስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአገራችን ሕፃናት መካከል 37 በመቶ የሚሆኑት በምግብ እጥረት ሳቢያ ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች ነበር። በእንዲህ ያለ አገር ለሕፃናት በደፈናው «ቅባት መጥፎ ነው» ብሎ ማስተማር የተጎዳውን መልሶ መጉዳት ይሆናል።

ማስተማር የሚገባን ልዩነቱን ነው። የኑግ፣ የሱፍ፣ የሰሊጥና የተልባ ዘይት፣ የኦቾሎኒ፣ የአቮካዶና የዓሣ ስብ በአብዛኛው የማይረጋ ነው፤ ለልብና ለደም ሥር የተሻለው ይህ ነው። ተልባ በተለይ ኦሜጋ ሦስት በሚባለው ስብ የበለጸገ መሆኑን፣ አያቶቻችን ስሙን ባያውቁትም በጾም ወራት አዘውትረው ይጠጡት ነበር። በሌላው ወገን ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ የሆነው የፓልም ዘይት አለ። ቅቤም የሚረጋ ስብ ነው፤ ከነክብሩ፣ በልኩ ሊበላ የሚገባው። ከሁሉ የከፋው ግን ፈሳሽ ዘይት በፋብሪካ ሃይድሮጅን ተጨምሮበት እንዲረጋ ሲደረግ የሚፈጠረው ትራንስ ፋት ነው። ዴንማርክ ይህን ስብ በምግብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 በሕግ ስትገድብ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ከዓለም የምግብ ገበያ ጨርሶ እንዲጠፋ ጥሪ አቅርቧል።

ይህን ለሦስተኛ ክፍል ተማሪ ለማስረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በኅዳር ብርድ ሁለት ንጹሕ ጠርሙሶች፣ አንዱ የኑግ ዘይት ሌላው የሚረጋ ዘይት ይዞ መስኮት ላይ ቢያድር፣ ጠዋት ልጆቹ ልዩነቱን በዓይናቸው ያዩታል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል። የሚረጋው ዘይት ወደ አብዛኛው ቤት የሚገባው ዋጋው ስለሚቀንስ እንጂ እናት ስለማታውቅ አይደለም። ልጁ ወደ ቤቱ ሄዶ እናቱን እንዲያሳፍራት አድርገን ካስተማርነው ትምህርቱ አልተሳካም ማለት ነው። «ቤት ያለውን ዘይት በልኩ፤ ደጋግሞ ከተጠበሰበት ዘይት የወጣውን ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ግን አልፎ አልፎ» ብንለው ከድሃውም ከሀብታሙም ቤት የሚሠራ ምክር ይሆናል።

ስምንት የሻይ ማንኪያ

ለስላሳን በተመለከተ ሒሳቡ ቀላል ነው። በተለመደው 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ያለ የኮላ መጠጥ 32 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ቢሆን፣ ስምንት ማንኪያ መሆኑ ነው። ስምንት ማንኪያ ስኳር ጨምሮ ሻይ የሚያቀርብልን ሰው ቢኖር ጤንነቱን እንጠራጠር ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር፣ የማርና የጭማቂ ስኳርን ጨምሮ፣ ሰው በቀን ከሚያገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። በቀን 1,600 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ልጅ ይህ ማለት ቢበዛ 40 ግራም፣ ቢቻል 20 ግራም ነው። እንግዲህ ያ አንድ ጠርሙስ የጠዋቱ ሻይ ሳይቆጠር የተሻለውን ልክ አልፎታል። ጁስ ቤት ገብቶ ስኳር የተጨመረበት ስፕሪስ ያዘዘ ወላጅም «ፍራፍሬ ነው» ብሎ ራሱን ባያታልል መልካም ነው።

ችግሩ ለስላሳ በእኛ ዘንድ መጠጥ ብቻ አለመሆኑ ነው። ኮካ ኮላ አዲስ አበባ ውስጥ መታሸግ ከጀመረበት ከ1959 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለስላሳ የእንግዳ ማክበሪያ፣ የበሽተኛ መጠየቂያ፣ የልደትና የሠርግ ጌጥ ሆኗል። ልጅ ጎበዝ ሲሆን በለስላሳ ይሸለማል፤ ሲያለቅስም በለስላሳ ይባበላል። ስለዚህ በክፍል ውስጥ «ለስላሳ መርዝ ነው» የተባለ ልጅ አጎቱ ቤት ሲሄድ ወይ መምህሩን ወይ አጎቱን ውሸታም ማድረጉ አይቀርም። «የበዓል ነው፤ የየቀኑ መጠጥ ውኃ ነው» ማለት ግን እውነትም ነው፣ ከባህላችንም አያጋጭም።

ፍርሃት አያስተምርም

ዘነበወርቅ ይህን ከሌላው ሰፈር በተሻለ ያውቀዋል። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው ሆስፒታልና እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያም መታከሚያም ሆነዋል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሽታው በተቀናጀ መድኃኒት ፈጽሞ የሚድን ሆኖ ሳለ፣ ሕሙማኑንና ልጆቻቸውን ከበሽታው ይልቅ የጎዳቸው ሌላው ከተሜ ለልጆቹ ያወረሰው ፍርሃት ነው። በፍርሃት የተማረ ልጅ በሽታን ከበሽተኛው አይለይም። ዛሬም ስለ ስብና ስኳር ስናስተምር ወፍራሙን ልጅ መሳቂያ፣ የስኳር ሕመምተኛውን አያት ጥፋተኛ የሚያደርግ ትምህርት ካስተማርን ያንኑ ስህተት ደገምነው ማለት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 24 ወላጆችና ሕፃናት ስለ ሕፃናት ጤናና አመጋገብ መረጃ እንዲያገኙና እንዲማሩ ማድረግን የመንግሥት ግዴታ አድርጎታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከቱ እርምጃዎች ሲወሰዱ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። ስለዚህ የአመጋገብ ትምህርት ጊዜ ሲተርፍ የሚሰጥ ችሮታ ሳይሆን መብት ነው።

ሌሎች ሕጎቻችን ደግሞ ነገሩን ጀምረው መሀል መንገድ ላይ ቆመዋል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ስኳርንና ለስላሳን ብቻ ሳይሆን ለጤና የማይበጁ የሚረጉ ስቦችንም በታክስ ሥር አስገብቷል። ይሁን እንጂ የለስላሳው ታክስ የሚሰላው በዋጋው እንጂ በውስጡ ባለው ስኳር መጠን ስላልሆነ፣ ስኳሩን የቀነሰ አምራች በዚህ የሚያተርፈው ነገር የለም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ያስከፈለችው በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ4 ግራም በላይ ባለው በእያንዳንዱ ግራም ስኳር ልክ ነው። በተመሳሳይ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ ለስላሳን አልነካም። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ስኳር የበዛባቸውን ምርቶች ጥቁር ምልክት አስለጥፋ፣ ከትምህርት ቤት ቅጥር ግቢም አስወጥታለች።

ከበሩ እንጀምር

ሕግ እስኪሻሻል ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። የወላጅ መምህር ኅብረት በግቢው ሱቅ ምን እንደሚሸጥ የመወሰን አቅም አለው። በር ላይ የሚቸረችሩት እናቶችም ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ሙዝ ቢሸጡ ገበያ እንዲያገኙ ማገዝ ይቻላል፤ እነሱን ማባረር ግን የድሃ ልጅን ጤና በድሃ እናት እንጀራ መግዛት ነው። ንጹሕ ውኃ የማይወርድበት ቧንቧ ባለበት ግቢ ስለ ለስላሳ መስበክም ትርጉም የለውም። የመዲናዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎቻቸው ቁርስና ምሳ መመገብ ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ሳህኑ ራሱ መማሪያ መጽሐፍ ሆኗል፤ ወጡ የተሠራበት ዘይት ምን እንደሆነ ልጆቹ ቢነገራቸው አንድ ክፍለ ጊዜ ተምረዋል ማለት ነው።

ያ የጎረቤቴ ልጅ በማግሥቱ ቤቴ መጥቶ ነበር። ብርጭቆ ውኃ አቅርቤለት ስኳር በማንኪያ እየቆጠረ እንዲጨምር አደረግሁት። ስድስተኛው ላይ ቆም ብሎ ዓይኔን አየኝ። «ገና ሁለት ይቀራል» አልሁት። «ጋሼ፣ ታዲያ ለምን በር ላይ ይሸጡታል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን የእኔ ብቻ አይመስለኝም።