ነቅቶ ማደር፦ የጎንደርና የወለቃ ሌሊት በታሪክ ዓይን

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ እንቅልፍ ነው። የታሪክ መምህር ስለ እንቅልፍ ምን አግብቶት ይናገራል የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ሆኖም በየትኛውም ማኅበረሰብ ሌሊቱን ማን እንደሚተኛ፣ ማን እንደሚነቃ፣ ነቅቶ ያደረውም በምን ስም እንደሚጠራ የሚወስነው ተፈጥሮ ብቻ አይደለም። እምነት፣ ሥራ፣ ሥርዓትና ሥልጣንም ይወስኑታል። ጉዳዩ ለዚህ አዳራሽም ሩቅ አይደለም። በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ራሱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ የሚያንቀላፋ ተማሪ በየዓመቱ አያለሁ። ማታ ሲያገኙት ዓይኑ የበራ፣ ሐሳቡ የሰላ ነው፤ ጠዋት ግን ሌላ ሰው ነው። እኛም ቶሎ የምንሰጠው ስም አለን፦ ሰነፍ። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው እንዲህ ያለው ችኩል ፍርድ በዚህች ከተማ ረጅም ዕድሜ እንዳለው፣ አንድ ጊዜም ከስንፍና እጅግ የከፋ ስም አውጥቶ ጎረቤትን እንደጎዳ ነው።

ቋንቋው ምን ይላል?

ከአማርኛችን እንነሣ። ማለዳ ስንገናኝ «እንዴት አደርክ» እንባባላለን እንጂ «እንዴት ተኛህ» አንባባልም። «አደረ» የሚለው ግስ ሌሊትን ማሳለፍን እንጂ መተኛትን አይናገርም። ሰው ተኝቶ ያድራል፤ ቆሞም ያድራል፤ ሲጸልይ፣ በሽተኛ ሲያስታምም፣ ሰብሉን ከአውሬ ሲጠብቅ፣ ሲጓዝ ያድራል። ቋንቋው ሌሊቱን ለእንቅልፍ ብቻ አልሰጠውም። ያደረውን ሰው ደኅንነት ይጠይቃል፤ እንዴት እንዳደረ ግን ለራሱ ይተወዋል።

የሰዓት አቆጣጠራችንም እንዲሁ ሊጤን ይገባዋል። ጎንደር ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ንጋትን መነሻ አድርጎ መቁጠር እዚህ ያስኬዳል። በሌላ በኩል የበዓል ዕለት የሚጀምረው ከዋዜማው፣ ከምሽቱ ነው። የቤተ እስራኤል ሰንበትም የሚገባው ዓርብ ማታ ነው። እንግዲህ በደጋው ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን ኖረዋል፦ ከንጋት የሚጀምር የሥራ ቀን፣ ከምሽት የሚጀምር የእምነት ቀን። የእጅ ሰዓት ሳይገባ በፊት ደግሞ ሰዓቱ የሚለካው በዶሮ ጩኸት፣ በጎህ መቅደድ፣ በረፋድ፣ ለዓይን ያዝ በማድረጉ ነበር። እነዚህ ሁሉ ስፋት ያላቸው ጊዜያት ናቸው። ሰው በረፋድ ይደርሳል፤ በረፋድ አሥር ደቂቃ አርፍዶ ግን አያውቅም።

የተከበረው ንቃት

ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸው ካደረጉ በኋላ ከተማዋ የአብያተ ክርስቲያናት ከተማ ሆነች፤ አርባ አራቱ ታቦታት የሚለው አነጋገር እስከ ዛሬ አለ። አብያተ ክርስቲያናት በበዙበት ሁሉ በሌሊት የነቁ ሰዎች ይበዛሉ። ለአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የሚሰጠው ሰዓታት የሌሊት ጸሎት ነው። ማኅሌት በሌሊት ተጀምሮ ወደ ንጋት ይዘልቃል። ጎንደር በዓታ የአቋቋም ትምህርት ዋና መስካሪ የሆነችው እንዲህ ባለው ሌሊት ላይ ቆማ ነው። ሊቃውንቱ የሚደገፉበት መቋሚያም ለታሪክ ባለሙያ ማስረጃ ነው። ነቅቶ ማደርን ያዘዘው ሥርዓት ሰው እንደሚደክም አውቆ፣ ለድካሙ መደገፊያ አብሮ አዘጋጅቷል።

የቆሎ ተማሪውም የሌሊት ልጅ ነበር። መጽሐፍ ውድ፣ መብራት ብርቅ በሆነበት ዘመን ብርሃን የሚሻው ንባብ በቀን፣ ብርሃን የማይሻው የቃል ትምህርት በምሽትና በሌሊት ይደረግ ነበር። ጨለማው ለጆሮ ትምህርት ምቹ የማስተማሪያ ክፍል ነበር።

ይሁን እንጂ የድሮ ሰው ያለ እንቅልፍ ይኖር ነበር ብላችሁ እንዳትወስዱት። ነቅቶ የታደረበት ዕዳ የሚከፈልበት መንገድ ነበረው። ትልቁ ማኅሌት የሚቆመው ለበዓል ነው፤ በበዓል ቀን ደግሞ አይታረስም፣ አይታጨድም። ከሥላሴ እስከ ባለ እግዚአብሔር በየወሩ የሚመላለሱት በዓላት ከሌላው ትርጉማቸው በተጨማሪ ነቅቶ ላደረ ሰው የዕረፍት ቀን ሆነው አገልግለዋል። ጥምቀትን ተመልከቱ። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ፤ ሕዝቡ በውኃው ዳር ያድራል፤ ማግስቱ ግን የሁሉም በዓል ነው። በከተማው ሙሉ ነቅቶ ያደረ ሰው ማለዳ ለሥራ አይጠራም። ንቃቱም ዕረፍቱም የጋራ ነበሩ።

የተወገዘው ንቃት

አሁን ከከተማው ወጥተን ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ወደ ወለቃ እንሂድ። ዛሬ መንገደኛ ከሸክላ የተሠሩ ትናንሽ ምስሎችን የሚገዛባት፣ አሮጌውን ጸሎት ቤት የሚጎበኝባት መንደር የቤተ እስራኤል መኖሪያ ነበረች፤ ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ። ይህ የሥራ ክፍፍል ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። የቃል ታሪክ ርስት የማጣቱን መነሻ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ከዐፄ ይስሐቅ ጋር ያያይዘዋል። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን (1659–1674 ዓ.ም.) በጎንደር የተሰበሰበ ጉባኤም በዜና መዋዕሉ «ካይላ» ተብለው የተጠሩት ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወስኗል። እነርሱ ግን የነገሥታቱን ግንቦች ከሠሩት ግንበኞችና አናጺዎች መካከል ነበሩ። የማረሻውን ብረትና የእንስራውን ሸክላ የሚሠራው እጅ ለከተማው አስፈላጊ ነበር፤ ባለ እጁ ግን ከከተማው እንዲርቅ ተደረገ።

የራቀ ጎረቤት ሌሊቱን ምን ሲሠራ እንደሚያድር አይታይም። ያልታየውን ደግሞ ወሬ ይሞላዋል። ቀጥቃጩ ቡዳ ነው፤ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ተባለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ሲተርክ፣ ጎንደር ከምሽት እስከ ንጋት በጅብ ትሞላ እንደነበር ይነግረናል። የከተማው ሰውም እነዚህ ጅቦች በአካባቢው ካሉ ተራሮች በአስማት ተለውጠው የሚወርዱ ፈላሻዎች ናቸው ብሎ በጽኑ ያምን እንደነበር ጽፏል። ፈላሻ የሚለው ቃል ባለቤቶቹ የማይወዱት፣ ሌሎች የለጠፉባቸው ስም ነው። ብሩስ ወለቃን በስም አልጠራም፤ ለጎንደር ሕዝብ የተጠቀመባቸው ቃላትም የዘመኑን አውሮፓዊ ንቀት የተሸከሙ ናቸውና በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። ነገር ግን በዚያው ገጽ፣ ምናልባትም ክብደቱን ሳያስተውል፣ ትክክለኛውን ምክንያት አስቀምጦልናል፦ ጅቦቹ የሚመጡት ሳይቀበር በየመንገዱ የተጣለውን የታረደ እንስሳ ሥጋ ፍለጋ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የጅቡ ምክንያት መንገዱ ላይ ተጥሎ ነበር። ማንም በቀን ሊያየው ይችል ነበር። ክሱ ግን መንገዱን ጠርጎ ንጹሕ ከማድረግ ይልቅ ተራራውን ወጥቶ አንድ ባለ ወናፍ ደጃፍ ላይ ወደቀ። የከተማው ደብተራ በዚያው ሌሊት ነቅቶ ነበር፤ የእርሱ ንቃት አገልግሎት ተባለ፤ የእርሱ ያልሆነው ሌሊት የአውሬ ተባለ። ሰዓቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የነቃው ማን ነው የሚለው ነበር። መዝሙር 103 ሌሊቱን ለአራዊት፣ ቀኑን ለሰው ሥራ ሲያከፋፍል የተፈጥሮን ሥርዓት ያመሰግናል፤ ያንን ምስጋና በሰው ላይ የክስ ማስረጃ ያደረገው ፍርሃት ነው።

የዚህን ታሪክ መጨረሻ ከመካከላችሁ በዕድሜ የገፋችሁት ታስታውሳላችሁ። በ1970ዎቹ ከሰሜን ጎንደር መንደሮች ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወደ ሱዳን በእግር ሲሰደዱ ቀን ተደብቀው ሌሊት ይጓዙ ነበር። በመንገድና በስደተኛ ካምፖች ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚሆኑ ይገመታል። የቀሩትም በ1977 ዓ.ም. በኦፕሬሽን ሙሴ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በኦፕሬሽን ሰሎሞን ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በዚህ በሁለተኛው፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ተጓጉዘዋል። ለዘመናት በሌሊት ጅብ ይሆናሉ የተባሉ ሰዎች ከሰው ዓይን ለመሠወር ያንኑ ሌሊት ተጠለሉ። እነርሱ ከሄዱም በኋላ በሰሜኑ ደጋ ጅቡ አልቀረም።

ደወልና አምፖል

ወደ ራሳችን ዘመን እንመለስ። የ20ኛው ክፍለ ዘመን ለጎንደር ሁለት ነገሮችን አመጣ፦ ሌሊቱን የሚያስረዝም መብራትና ጠዋቱን የሚያስገድድ ደወል። የዛሬው ዩኒቨርሲቲያችን መሠረት የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ቢሮውም ትምህርት ቤቱም በደቂቃ የሚለካ ጠዋት ይዘው መጥተዋል። በደርግ ዘመን ደግሞ ሰዓት እላፊ ሌሊቱን ዘግቶት ነበር፤ ነቅቶ መገኘት እንደገና ጥርጣሬ ሆነ። አምፖሉን ስልኩ ተከተለው። እንግዲህ የዛሬው ወጣት እንደ ደብተራው ያመሻል፤ እንደ ገበሬው ማልዶ እንዲነሣ ይጠበቃል፤ የደብተራው በዓል ግን የለውም፤ የገበሬው ጨለማም የለውም። አያቶቹ በጋራ ይነቁ ነበር፤ እርሱ የሚነቃው ብቻውን ነው።

ሳይንሱም ለዚህ የሚጨምረው አለው። የሰውነት ሰዓት በሴል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩ ሦስት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የማለዳ ሰው ወይም የሌሊት ሰው መሆን በከፊል በዘር እንደሚወረስ፣ በጉርምስና ዘመን ሰዓቱ ወደ ማምሸት እንደሚያዘነብልና ሃያ ዓመት አካባቢ ከፍተኛው ላይ እንደሚደርስ ዛሬ ይታወቃል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማለት በትክክል በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። በዚያው ዓመት በጎረቤት አኅጉራችን ክፍል፣ በታንዛኒያ፣ በአደን የሚኖሩ የሐድዛ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። 33 ጎልማሶች ለ20 ቀናት ሲከታተሏቸው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተኝተው የተገኙት በጠቅላላው 18 ደቂቃ ብቻ ነበር። አጥኚዎቹ እንደሚሉት እንቅልፍ መለያየቱ ለማኅበረሰቡ ጥበቃ ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ንቁ ይሆናል። የሌሊት ሰው፣ በሌላ አነጋገር፣ ዘብ ነበር።

ሆኖም ሁሉንም በተፈጥሮ ማሳበብም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የኮሎራዶ ጥናት ስምንት ሰዎችን ያለ ኤሌክትሪክ መብራት አንድ ሳምንት በድንኳን አሳድሮ፣ የሰውነታቸው ሰዓት በሁለት ሰዓት ገደማ ሲቀድም አየ። በማምሸትና በማለድ መካከል የነበረው ልዩነትም ጠበበ። ስለዚህ ከምክንያቱ አንድ ክፍል በሰውየው ውስጥ ነው፤ ሌላው ክፍል እንደዚያ ዘመን ሥጋ በቀን የሚታይ ነው፦ አምፖሉ፣ ስልኩ፣ የክፍለ ጊዜው ድልድል።

ለነገ ምን እንያዝ?

የታሪክ መምህር ሐኪም አይደለም። ቢሆንም ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች እወስዳለሁ። ለተማሪዎቼ፦ ማታ ብርሃኑን ቀንሱ፤ ጠዋት ወደ ፀሐይ ውጡ። በዚህ ደጋ ያለው የማለዳ ብርሃን ብዙ አገር በገንዘብ የማያገኘው ነው። ነቅታችሁ ካደራችሁም ዕዳውን የምትከፍሉበትን ቀን አስቀድማችሁ አስቡ፤ አያቶቻችሁ ያለ በዓል ማኅሌት አልቆሙም። ለእኛ ለመምህራን፦ ከባዱን ፈተና በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከማኖራችን በፊት የምንፈትነው ዕውቀትን ይሁን ንጋትን እንጠይቅ። ለሁላችንም፦ ስለ ሰው ጠባይ ከመናገራችን በፊት መንገዱ ላይ የተጣለ ነገር እንዳለ እንይ። የጎንደር ሰው ያንን ቀላል ምርመራ ባለማድረጉ ጅቡን አላባረረም፤ ብርቱ ሠራተኛ የሆነ ጎረቤቱን ግን ለዘመናት አቆሰለ።

የሌሊት ሰው ማለዳ ሲመጣ፣ ቋንቋችን ያስተማረን ጥያቄ በቂ ነው፤ እንዴት አደርክ ብለን እንጠይቀው፤ መልሱንም እንስማ።

 ደኅና እደሩ።