ካይዘን በኢትዮጵያ
ካይዘን በጃፓን ፋብሪካዎች የዳበረ፣ ሠራተኛው ራሱ ብክነትን እየለየ አሠራሩን በጥቂት በጥቂቱ የሚያሻሽልበት የሥራ አመራር ዘዴ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓንን ድጋፍ ከጠየቁ በኋላ፣ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት (ጃይካ) በ2009 በ30 ድርጅቶች ሙከራ ጀመረ፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 ተቋቋመ። መሠረቱ አምስቱ «ማ»ዎች ናቸው፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ። ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ነው።

የጃፓን ቢሮዎች የሚታወቁበት ረጅም የሥራ ሰዓት ግን የዘዴው አካል አይደለም። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ዓ.ም.) መደበኛ ሥራን በቀን በ8፣ በሳምንት በ48 ሰዓት፣ የትርፍ ሰዓትን ደግሞ በሳምንት በ12 ሰዓት ይገድባል።

የጃፓን ትብብር ግን በካይዘንና በፋብሪካ ብቻ አልተወሰነም፤ በጅማ ዙሪያ በጫካ ውስጥም ታይቷል። ጃይካ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ «በለጠ ጌራ» በተባለው ደን ከአርሶ አደሮች የደን አስተዳደር ማኅበራት ጋር ሠርቷል፤ የደን ቡናቸውም በ2007 የሬይንፎረስት አሊያንስ ማረጋገጫ አግኝቶ ለጃፓን ገበያ ቀርቧል።