ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ኑሮ፦ የካርቱም ታካሚዎችና የመለኪያዎቻችን ጉድለት

የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በሰዓታት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ኬሞቴራፒ፣ ጨረርና የዓመታት ክኒን ግን የሴቲቱን ኑሮ ከሥሩ ይለውጠዋል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። በካርቱም የማገገሚያ ጊዜን ኑሮ ከሁሉም በላይ የሚወስነው ታካሚዋ ቀጣዩን ሕክምና ማግኘት መቻሏ ነው፤ የኑሮን ጥራት እንለካባቸዋለን የምንላቸው መጠይቆች ደግሞ ይህን አይጠይቁም።

በሰፊው የሚሠራበት መጠይቅ የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ ያደረገው ባለ 30 ጥያቄ ነው። ለጡት ካንሰር የተዘጋጀው ተጨማሪ ክፍል በ1996 በ23 ጥያቄዎች ታትሞ በኋላ ወደ 45 አድጓል። የአማርኛው ቅጂም በኢትዮጵያ ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ነው። የመጠይቁ የመጀመሪያ ጥያቄ ከባድ የገበያ ዘንቢል ወይም ሻንጣ መሸከም ያስቸግርሽ እንደሆነ ይጠይቃል። ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሴቶች በካርቱም መንገዶች ዳር ሻይና ቡና እያፈሉ ኖረዋል። የእነሱ ሸክም ከሰል፣ ጀሪካን ውኃና በርጩማዎች ነው፤ በየማለዳው ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል። በሰው ቤት ተቀጥራ ልብስ የምታጥብና የምትጨምቅ ሴትም እንዲሁ። «ትንሽ ያስቸግረኛል» የሚለው መልስ ለአንዷ የመመቸት ጉዳይ ነው፤ ለሌላዋ የቤት ኪራይ ነው። መጠይቁ ስለ ገንዘብ ችግርም አንድ ጥያቄ አለው፤ ሥራዋ በክንዷ ላይ የቆመውን ሴት ግን ከሌላው አይለይም።

ክንድን የሚጎዳው በአብዛኛው የብብቱ ቀዶ ሕክምና ነው። በ2013 ብዙ ጥናቶችን አጠቃሎ የወጣ ትንታኔ እንዳሳየው፣ የብብት ንፍፊቶቻቸው ተጠርገው ከወጡላቸው ሴቶች ከአምስቱ አንዷ ገደማ ክንዷ ያብጣል። ለምርመራ ጥቂት ንፍፊቶች ብቻ ሲወሰዱ ግን ቁጥሩ ወደ 5.6 በመቶ ይወርዳል። ሱዳን ውስጥ ብዙ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ስለሆነ ሰፊውን ቀዶ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። እብጠቱ ባይመጣ እንኳ የላይኛው ክንድ ውስጠኛ ክፍል ሊደነዝዝ፣ ትከሻም ሊገትር ይችላል። ሱዳናዊት ቶቧን ስትለብስ ከአራት ሜትር ያላነሰውን ጨርቅ በገላዋ ጠምጥማ፣ በራሷ ላይ አሳልፋ፣ ጫፉን ወደ ትከሻዋ ትወረውራለች። በቀዶው ሰሞን ይህ የሰው እርዳታ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ቶቡ የጎደለውን ደረት ከመንገደኛ ዓይን ይሸፍናል፤ ከባልና ከራስ ዓይን ግን አይሸፍንም።

እዚህ ላይ ሳይንሱ የሰጠው መልካም ዜና አለ። በብሪታንያ 392 ሴቶች የተሳተፉበትና በ2021 የታተመ ጥናት፣ ከቀዶው በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ በፊዚዮቴራፒስት መሪነት የተጀመረ እንቅስቃሴ ከዓመት በኋላ የክንድን ብቃት እንዳሻሻለ አረጋግጧል። «በዚያ ክንድሽ ዕድሜ ልክሽን ምንም አታንሺ» የሚለው የቆየ ምክርም መሠረቱ ተናግቷል። በ2009 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ቀስ በቀስ የሚጨምር ክብደት ማንሳት እብጠትን እንደማያባብስ አሳይቷል። ሻይ ሻጭን ምንም አታንሺ ማለት እንጀራዋን ተዪ ማለት ስለሆነ ይህ ግኝት በእያንዳንዱ የቀዶ ክፍል መታወቅ አለበት።

ይህ ሁሉ ግን ሕክምናው ሲገኝ ነው። የካርቱም የጨረር ሕክምና ማዕከል ሥራ የጀመረው በ1967 ነው። በ2010 ደግሞ በራዲዮሎጂስቷ ዶክተር ሃኒያ ፋድል መሪነት የካርቱም የጡት ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች መካከል ጦርነት ሚያዝያ 2023 ሲፈነዳ የዋና ከተማዋ የካንሰር ሕክምና ተቋረጠ። ታካሚዎች ወደ ዋድ መዳኒ ሸሹ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መዳኒም በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች እጅ ወደቀች። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ሰሜን ወደ መረዌ፣ ወደ ምሥራቅ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ግብፅ፣ በመተማ በኩል ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ሆነ። በዚህ ሁሉ መሃል ዕጢዋ በሆርሞን የሚያድግና ታሞክሲፌን የታዘዘላት ሴት ክኒኑን ቢያንስ አምስት ዓመት በየቀኑ መውሰድ አለባት። ክኒኑ የሚያመጣው ድንገተኛ የሰውነት መጋል ስሜት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍ ሙቀት፣ ያለ መብራትና ያለ ማራገቢያ፣ ምን ያህል እንደሚከብድ የሱዳንን በጋ የቀመሰ ያውቀዋል።

የቀድሞው ልማድ 25 የጨረር ክፍለ ጊዜዎችን በአምስት ሳምንት መስጠት ነበር። ለተፈናቃይ ይህ በማታውቀው ከተማ የአምስት ሳምንት ማደሪያና ምግብ ነው። 4,096 ታካሚዎችን የያዘውና በ2020 የታተመው የብሪታንያ ጥናት በአንድ ሳምንት የሚሰጡ አምስት ክፍለ ጊዜዎች በሽታውን ከመቆጣጠር አንፃር አምስቱን ሳምንት ከተካው የሦስት ሳምንት መርሐ ግብር እንደማያንሱ አሳይቷል። ሁሉንም ታካሚ አይመለከትም፤ ለሚመለከታቸው ግን የሕክምናውን ጊዜ ማሳጠር ራሱ የኑሮ ጥራት ሕክምና ነው።

ስለዚህ መጠይቁን ከስደት ወደ ካርቱም ለሚመለሱ ሴቶች የሚያቀርብ ተመራማሪ ጥቂት ጥያቄዎችን ይጨምር፦ ቀጣዩ ቀጠሮሽ ያለበት ቦታ መድረስ ትችያለሽ? በሕክምናው ወቅት የት ታድሪያለሽ? የስንት ቀን ክኒን አለሽ? ውኃ የሚቀዳልሽ ማን ነው? የዕጢሽ ምርመራ ውጤትስ በእጅሽ አለ? የመጨረሻው በተለይ ያሳስበኛል። ቤቷ ሲዘረፍ ዕጢዋ በሆርሞን ማደግ አለማደጉን የሚያሳየው የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ወረቀቷ ለጠፋባት ሴት አዲሱ ሐኪም የትኛው መድኃኒት እንደሚጠቅማት በግምት ለመወሰን ይገደዳል። የቀዶውን ዓይነት፣ የወጡትን ንፍፊቶች ብዛትና የምርመራ ውጤቱን የያዘ አንድ ገጽ ከሆስፒታል ስትወጣ ለእሷም ለቤተሰቧም ይሰጥ፤ በስልኳም ፎቶው ይቀመጥ።