ከመያዣ ሽያጭ የተረፈ ገንዘብ የማን ነው? የረህን ሕግ ከመዲና እስከ ዛሬ

ለኢማሞች ሽምግልና ከሚቀርቡ የብድር ክርክሮች አንዱ እንዲህ ያለው ነው። ተበዳሪው «በቀኑ ካልከፈልኩ መያዣው ያንተ ይሁን» ብሎ ፈርሟል፤ ቀኑ አልፏል፤ የመያዣው ዋጋ ግን ከዕዳው ይበልጣል። አበዳሪው ፊርማውን ያሳያል፤ ተበዳሪው ልዩነቱ ይመለስልኝ ይላል። የፊቅህ ሊቃውንት ለዚህ ክርክር መልስ ከሰጡ ከአሥራ ሁለት መቶ ዓመታት በላይ ሆኗል።

ረህን በቁርኣን (አል-በቀራ 283) የተፈቀደ፣ በነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ተግባር የጸና ውል ነው። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት፣ ነቢዩ ጥሩራቸውን ከአንድ አይሁዳዊ ዘንድ አስይዘው እህል በዱቤ ገዝተዋል። በዘመነ ጃሂሊያ ግን ቀኑ ሲያልፍ መያዣው ለአበዳሪው ይቀር ነበር። ታቢዒዩ ሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ ያስተላለፉትና ኢማም ማሊክ (በ179 ሂጅሪ የሞቱት) በሙወጠእ የመዘገቡት ሐዲስ ይህንን ልማድ ሽሯል፤ መያዣ በባለቤቱ ላይ አይዘጋም። ኢማም ሻፊዒይ ዘንድ የሚገኘው ሰፋ ያለ ዘገባ ደግሞ ጥቅሙም ጉዳቱም የባለቤቱ መሆኑን ይጨምራል። ማሊክ ሲያብራሩ፣ ተበዳሪው ዕዳውን ቀኑ ካለፈ በኋላ ቢያመጣ እንኳ ንብረቱ የእርሱ ነው፤ ቅድመ ሁኔታውም ፈራሽ ነው ብለዋል።

ከዚህ መሠረት ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። ዕዳው 60 ዲናር ሆኖ መያዣው በ100 ቢሸጥ፣ 40ው የተበዳሪው ነው። በ45 ቢሸጥ ደግሞ 15ቱ በጫንቃው ላይ ይቀራል። ተበዳሪው ሞቶ ወይም ከስሮ ከሆነ፣ ባለመያዣው የሚቀድመው በዕዳው ልክ ብቻ ነው፤ የተረፈው ለሌሎች አበዳሪዎች፣ ከዚያም ለወራሾች ይሄዳል።

መዝሀቦች የተለያዩት በሌላ ነጥብ ነው። መያዣው በአበዳሪው እጅ ያለ ጥፋቱ ቢጠፋ፣ በሻፊዒዮችና በሐንበሊዮች ዘንድ ሁሉም አማና ነውና ዕዳው አይቀነስም። በሐነፊዮች ዘንድ ግን በዕዳው ልክ ያለው ዋጋ ከዕዳው ይካካሳል፤ ከዕዳው በላይ ያለው ግን አማና ነው። ስለዚህ በሐነፊዮችም ዘንድ ትርፉ የአበዳሪው ሀብት ሆኖ አያውቅም።

ማን ይሸጣል? አቡ ሐኒፋ ቃዲው የተበዳሪውን ንብረት ያለ ፈቃዱ አይሸጥም፤ ራሱ እስኪሸጥ ያስረዋል አሉ። ሁለቱ ደቀ መዛሙርቶቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን ቃዲው እንዲሸጥ ፈቀዱ። ከ1869 እስከ 1876 እ.ኤ.አ. የወጣው የዑስማንያ መጀላ የተከተለው የሁለቱን አስተያየት ነው።

በዘመናችን በመያዣ የተደገፉ የቦንድ ውሎችም የክፍያ ተራ ይደነግጋሉ፤ በተለምዶ በቅድሚያ የባለአደራው ወጪ፣ ቀጥሎ የቦንድ ገዢዎቹ ገንዘብ ይከፈላል፤ የተረፈው ለአውጪው ወይም መብት ላለው ይመለሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም አበዳሪው ከሕግ ሥርዓት ውጭ መያዣውን እንዲወስድ የሚፈቅድን ስምምነት ውድቅ አድርጓል። ይህ መመሳሰል ግን የቦንዱን ወለድ ሐላል አያደርገውም፤ የሪባ ፍርድ ራሱን የቻለ ነው።

እንግዲህ ያ ውል ከፊታችን ሲቀርብ ፊርማው ፍርዱን አይዘጋውም። በቅድሚያ ለተቸገረ ተበዳሪ ጊዜ መስጠት ይገባል (አል-በቀራ 280)። መሸጥ ግድ ከሆነም በተገቢው ዋጋ ይሸጥ፤ ዕዳው ይከፈል፤ የተረፈውም በምስክር ፊት ለባለቤቱ ይመለስ። ወላሁ አዕለም።